ጥያቄ አስራ ሰባት

ረምላ ከቦርሳዋ አወጣችው፤ ሦስት ገጽ፣ በሽቦ የተሰፋ፣
ዐረብኛና እንግሊዝኛ፣ ፊደሉ ከጉንዳን ዓይን የማይሰፋ።
«የሰባተኛና የስምንተኛ ልጆች ሁላችንም እንሞላለን» አለች፤
ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኝታ የእስክሪብቶውን ቂጥ ነከሰች።

እኔ ከካባው መግባቴ ነበር። ሽፋሽፍቴ ነጭ፣ ጺሜ ነጭ፤
ባሕር ላይ ለሚሠሩት ደሴት ተራራ ሳመላልስ ውዬ፣ ከውስጥ ከውጭ
የራስ አል ኸይማን የድንጋይ ዱቄት ለብሼ።
«በይ ተርጉሚልኝ» አልኳት፣ እጄን በሱሪዬ አብሼ።

«አንድ። ባለፉት አስራ ሁለት ወራት ደረትሽ አፏጭቶ ያውቃል?»
ራሷ ጠይቃ ራሷ መለሰች። አዎ። ሳታመነታ፣
የክፍሏን ቁጥር የተጠየቀች ይመስል፣ በአንዲት አፍታ።

እኔ ፉጨት የማውቀው፣ አባቴ ወንዝ ዳር ቆሞ
በሬው ጠጥቶ እንዲረካ ሲያባብለው ነው፣ ቀስ ብሎ፣ ደጋግሞ።
ስድስት ዓመቷ ሳለ፣ ሌሊት በግድግዳው ማዶ ስታፏጭ ሰምቼ
የልጅ ደስታ መስሎኝ ፈገግ ብዬ ተኛሁ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ።
አላህ ይማረኝ።

«ሰባት። የክርንሽ እጥፋት ያሳክክሻል?» እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች።
«ዘጠኝ። ጉንፋን ሳይዝሽ ያስነጥስሻል?» ይኼኔ አስነጠሰች።
ሳቅን።
ሳቋ በሳል አለቀ።

«እኔ ብቻ መሰልኩህ? ከሠላሳ አንዳችን ስምንቱ
ፓፍ ይዘን ነው የምንመጣ፤ ነርሷ ጋ ወረፋ ነው በየዕለቱ።
ኸልፋን አራት ድመት አለው፣ ቤታቸው ዑድ ሲጨስ ያድራል፤
ኒሚሻ ከአባቷ ወርሳ ነው፤ ሽሩቅን ኦቾሎኒ ፊቷን ያሳብጣታል።»
መዝገብ ላይ ስማቸው ለየቅል፣ አስማቸው አንድ፤
ባለ ቪላውም ባለ ኪራዩም የሚተነፍሱት በአንድ መንገድ።

«አስራ ሁለት። ምንጣፍ?» ተኝተንበታል። «አስራ ሦስት። መስኮት ይከፈታል?»
በሐምሌ? ማን ይከፍታል! ኤሲው አቧራውን ከጥግ ጥግ ያዞራል።
«አስራ አምስት። በኦፕሬሽን ነው የተወለድሽው?» እናቷ ሙሉካ ከጓዳ፦
«በኦፕሬሽን ነው በያቸው! ጻፊላቸው፣ ከነሆስፒታሉ ዕዳ!»

«አስራ ስድስት። በቤታችሁ ደጅ ከባድ መኪና ያልፋል?
ፈጽሞ፣ አልፎ አልፎ፣ አዘውትሮ፣ ቀኑን ሙሉ...»
ቀና ብላ አየችኝ። «አባ፣ ያንተስ ይቆጠራል?
ያልፋል ነው የሚለው። ይቆማል አይልም።»

መስኮቷ ሥር ነው የማቆመው። ጎህ ሳይቀድ፣ በአሥር ሰዓት፣
ሩብ ሰዓት ሞተር አሞቃለሁ፣ ከትራሷ በሦስት ክንድ ርቀት።
ያስተማርኳት በሱ ነው። ፓፏንም የሚገዛው እሱ ነው።
ምን ልበል?

«አስራ ሰባት።»
አላነበበችውም። ዓይኗ ወደ ጓዳ ሄዶ ተመለሰ።
«ተውኩት» ካልኩ ሦስት ዓመቴ ነው።
ካባው ላይ ነው፣ ከመኪኖች ኋላ ተሰልፌ፤
ቅርንፉድ አኝኬ፣ ተጉመጥምጬ፣ ሸሚዜን ሦስቴ አራግፌ
ነው ቤቴ የምገባ።

አዎ ላይ ምልክት አደረገች።
እናቷ ሻይ ይዛ ስትመጣ መዳፏን ጣል አደረገችበት።
«ስም አይጻፍበትም» አለችኝ በሹክሹክታ፣
«ቁጥር ነው የምንሆነው።»

ሌሊቱን ግድግዳ ተደግፌ ነቃሁ። ፉጨቱ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ።
በማግስቱ ማታ መኪናውን ከመስጊዱ ማዶ፣ ባዶው ሜዳ ላይ አቆምኩት፤
በእግር ሩብ ሰዓት ነው።
ኪሴ ውስጥ ፓኬቱ አለ፣ ሦስት ፍሬ ቀርቶታል። አልጣልኩትም ገና።
በሯ ላይ ቆምኩ፣
ትንፋሼን ይዤ፣
የሷን ለመስማት።